ስንት ላሳትም? በራሱ ገንዘብ መጽሐፍ ለሚያሳትም የጎጃም ጸሐፊ

መጽሐፍ ጽፎ የጨረሰ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማሳተሚያው ስንት ብር ይፈጃል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ተራው ግን ገና አልደረሰም። ከእርሱ በፊት «ማን ይገዛኛል? የት ሆኖ? በስንት?» የሚለው መመለስ አለበት። ይህን ሳይመልስ ወደ ማተሚያ ቤት የሮጠ ደራሲ ካርቶን ተሸክሞ ይመለሳል፤ ካርቶኑም አልጋ ሥር ገብቶ ክረምትና በጋ ይፈራረቅበታል። በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር እንዲህ ያለ ካርቶን ያለበት ቤት ብርቅ አይደለም።

ይህ ጽሑፍ በራሱ ገንዘብ መጽሐፍ ሊያሳትም ላሰበ የጎጃም ሰው ነው፤ ከሥራ መልስ ለሚጽፍ የሞጣ መምህር፣ የወጣትነት ዘመኑን ለሚከትብ የቡሬ ጡረተኛ፣ ግጥሟን በስልኳ ለምታጠራቅም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ለጀማሪ ደራሲ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው «ተስፋ አትቁረጥ» የሚል ነው። ተስፋውስ አለ፤ የጎደለው ሒሳቡ ነው።

አሳታሚ ያገኘ ደራሲ ረቂቁን አስረክቦ ይቀመጣል። ገንዘብ የሚያወጣው፣ አርታኢ የሚቀጥረው፣ ከማተሚያ ቤት ጋር የሚከራከረው፣ ካልተሸጠም የሚከስረው አሳታሚው ነው። በራሱ የሚያሳትም ሰው ይህን ሁሉ በገዛ ትከሻው ይሸከማል። ማተሚያ ቤት አሳታሚ አይደለም፤ ሁለቱን የሚያምታቱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ማተሚያ ቤት የታዘዘውን ያትማል፣ ሒሳቡን ይቀበላል፤ መጽሐፉ ግሩም ይሁን ግብስብስ፣ ይሸጥ አይሸጥ ጉዳዩ አይደለም፤ ሊሆንም አይገባም። «እኔ ጸሐፊ እንጂ ነጋዴ አይደለሁም» የሚል ሰው እዚህ ላይ ይነሣል። ከአቸፈር የወጣው አቤ ጉበኛ ከብዕሩ በሚያገኘው ገቢ ለመኖር ከደፈሩ ቀደምት የአማርኛ ደራስያን አንዱ ነው፤ መጽሐፉን መሸጡ ደራሲነቱን አላጎደፈበትም።

ፕሮፎርማውን ማንበብ

ማተሚያ ቤቱ የሚሰጥዎት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ ነው። ብዙ ሰው ዓይኑን በቀጥታ ወደ ታችኛው ድምር ይወረውራል። ገንዘቡ የሚባክነው ግን ከድምሩ በላይ ባሉት መስመሮች ውስጥ ነው።

የገጹን ብዛት ይመልከቱ። በኦፍሴት ማሽን አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለቱም በኩል ታትሞ ሲታጠፍ በተለመደው መጠን ላለ መጽሐፍ 16 ገጽ ይወጣዋል፤ እንደ ማሽኑ ስፋት 8 ወይም 32 ሊሆንም ይችላል። 208 ገጽ ማለት ልክ 13 ጊዜ 16 ነው። መጽሐፍዎ 211 ገጽ ከሆነ ለሦስት ገጽ ሲባል 14ኛው ወረቀት ይገባል፤ ሰሌዳውም (ገጹ ተቀርጾበት ማሽኑ የሚያትምበት ብረት)፣ ቀለሙም፣ ማጣጠፊያውም ይጨመራል። ከመግቢያው ሁለት አንቀጽ ቢቀነስ ወይም የፊደሉ መጠን በጥቂቱ ቢስተካከል ገንዘቡ ይተርፋል። (ለመግቢያዎችም ቢሆን ማጠር አይጎዳቸውም። ሦስት ሰው የየራሱን አስተያየት የጻፈበትን የግጥም መድበል እስኪጀመር የሚጠብቅ አንባቢ ያሳዝነኛል።)

ቀጥሎ ወረቀቱ ነው። 60፣ 70፣ 80 ግራም እየተባለ ይጠራል፤ ቁጥሩ የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው። ቀጭኑ ርካሽ ነው፤ የጀርባው ጽሑፍ ግን ወደ ፊት ያሳያል። «ነጭ ወረቀት» ብሎ የሚያልፍ ፕሮፎርማ አይቀበሉ፤ ግራሙ ይጻፍ። የሽፋኑም እንዲሁ። ጥረዛው በሙጫ ብቻ ነው ወይስ በክር ተሰፍቶ? በክር የተሰፋው ይወደዳል፤ በደካማ ሙጫ የተያዘው ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቅጠሉ ይረግፋል። በአንዲት የገጠር ከተማ አንድ መጽሐፍ ስንት ሰው እንደሚዋዋሰው የሚያውቅ ደራሲ ይህን መስመር በዝምታ አያልፈውም።

ከታች በትንሹ የተጻፈው «ይህ ዋጋ የሚጸናው እስከዚህ ቀን ድረስ ነው» የሚለው ነው። ወረቀቱ፣ ቀለሙና ሰሌዳው በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገቡ ዋጋቸው የዶላርን እግር ይከተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ በመስከረም የተሰጠ ፕሮፎርማ በጥር ይሠራል ብለው ገንዘብ አያሰባስቡ። ከሁለት ሦስት ማተሚያ ቤት ፕሮፎርማ ሲወስዱም ገጹ፣ ግራሙ፣ ጥረዛውና ቅጂው አንድ ዓይነት ይሁን፤ አለዚያ የሚያወዳድሩት በግና ፍየል ነው።

የቅጂው ብዛት

የነገሩ ሁሉ እምብርት ይህ ነው። የኅትመት ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ 100 ቢያሳትሙም 5,000 ቢያሳትሙም የማይለወጠው ነው፦ የአርታኢ፣ የገጽ ቅንብር፣ የሽፋን ሥዕል፣ የሰሌዳ። ሌላው በእያንዳንዱ ቅጂ የሚጨምረው ነው፦ ወረቀት፣ ቀለም፣ ጥረዛ። የመጀመሪያው ወጪ ለብዙ ቅጂ ሲከፋፈል የአንዱ መጽሐፍ ዋጋ ይወርዳል። «ብዙ ባሳተምክ ቁጥር ይረክስልሃል» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። እውነት ነው፤ ደራሲውን የሚያከስረውም ይኸው እውነት ነው።

ለማሳያ ያህል ቁጥር እናስቀምጥ፤ ዋጋው የግምት ነው፤ እርስዎ በፕሮፎርማዎ ይተኩት። የማይለወጠው ወጪ 40,000 ብር፣ የአንዱ ቅጂ ተጨማሪ ወጪ 140 ብር ይሁን። 500 ቅጂ ከታተመ ጠቅላላው 110,000 ብር ነው፤ አንዱ 220 ብር ይወድቃል። 1,000 ከሆነ 180,000፤ አንዱ 180 ብር። 2,000 ከሆነ 320,000፤ አንዱ 160 ብር። እስካሁን 2,000 የሚያሳትመው ብልህ ይመስላል።

አሁን የሽፋን ዋጋው 400 ብር ይሁንና አከፋፋይና መደብር በመካከል 40 በመቶ ይውሰዱ። ደራሲው እጅ የሚገባው 240 ብር ነው። 500 ያሳተመው ገንዘቡን ለመመለስ 459 መሸጥ አለበት፤ 1,000 ያሳተመው 750፤ 2,000 ያሳተመው 1,334። መጽሐፉ 400 ቅጂ ብቻ ተሸጦ ቢቆምስ? ለሁሉም የሚገባው 96,000 ብር ነው። የ500ው ደራሲ የከሰረው 14,000 ብር ነው፤ ያማል እንጂ አይሰብርም። የ1,000ው 84,000 ብር ከሰረ። በቅጂ 60 ብር ያተረፈ የመሰለው የ2,000ው ደራሲ 224,000 ብር ዕዳ ላይ ተቀምጧል።

በሒሳቡ ውስጥ ሌላ በር አለ። የ500ው ደራሲ ከመጽሐፎቹ 150ውን በገዛ እጁ በሙሉ ዋጋ ቢሸጥ 60,000 ብር ይገባዋል። የቀረውን 50,000 ለመሙላት በአከፋፋይ በኩል 209 ይበቃዋል። በድምሩ 359። ከ459 ወደ 359 ያወረደው ማስታወቂያ አይደለም፤ ደራሲው ቦርሳው ውስጥ መጽሐፍ ይዞ መዞሩ ነው።

እና ስንት ያሳትሙ? ወረቀት ያውጡና ስም ይጻፉ። «ወጣቱ»፣ «የጎጃም ሕዝብ» እያሉ አይደለም፤ የሰው ስም። የትምህርት ቤት ባልደረቦች፣ የማኅበር ሰዎች፣ የድሮ ተማሪዎች፣ አዲስ አበባ ያሉ የአገር ልጆች፣ ውጭ ያለች የአክስት ልጅ። ሲጨርሱ በግማሽ ይቀንሱት፤ «በርታ፣ እገዛሃለሁ» ያለ ሰው ሁሉ አይገዛም፤ በነጻ የሚጠብቅም ይኖራል። የቀረው ቁጥር የመጀመሪያ ገዢዎ ነው። ከእነርሱ መካከል ገንዘቡን አስቀድሞ የሚከፍል ከተገኘ ደግሞ ከሁሉም የተሻለ ነው። ዕቁብ የሚጥል ሕዝብ ተራ ደርሶ እስኪወጣለት መጠበቅን ያውቃል። በቴሌብር ወይም በባንክ ይቀበሉ፣ በመዝገብ ያስፍሩ፣ የሚያስረክቡበትን ወር ይንገሩ። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ሳይጠየቁ ይደውሉ።

50 እና 100 ቅጂ ብቻ ለመሞከር ለሚሻ ሰው ዲጂታል ኅትመት አለ። ሰሌዳ አይፈልግም፤ ስለዚህ በቅጂ ቢወደድም አነስተኛ ቁጥር ያስተናግዳል። ለግጥም መድበልና ለቤተሰብ ታሪክ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። በክልል ከተሞች ያሉ ማተሚያ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚኖሩት በደረሰኝና በጥሪ ካርድ ነው፤ መጽሐፍ ከመስጠትዎ በፊት የጠረዙትን አንድ መጽሐፍ ተቀብለው መሐሉን ከፍተው ጠበቅ አድርገው ይጫኑት። ካልተገነጠለ ይነጋገሩ።

ማን አየልዎት?

ጎጃም የቅኔ አገር ነው ሲባል ሁላችንም ደረታችንን እንነፋለን። በዋሸራም ሆነ በደብረ ኤልያስ ያለፈ ተማሪ ግን ሌላም ነገር ያውቃል። ቅኔውን ቆጥሮ ወደ የኔታ ይቀርባል፤ የኔታ ይሰማሉ፤ ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ከላላ ያፈርሱታል። ተማሪው ሄዶ እንደገና ይቆጥራል። የፈረሰበት ሁሉ አይቀየምም፤ ትምህርቱ ራሱ ይህ ነውና። በኅትመት ዘመን ይህን ሥራ የሚሠራው አርታኢ ነው። ብዙ ደራሲ ለሽፋን ቀለም ገንዘብ አውጥቶ ለአርታኢ ሲባል ይሰስታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ የታተመ መጽሐፍ ደግሞ አይለቀምም።

አንድ ሰው ሁሉን አይሠራም። ታሪኩ የሚጎትትበትን፣ ምዕራፉ የሚደገምበትን የሚያይ አንድ ነው፤ ዓረፍተ ነገር የሚያቃና ሌላ ነው፤ የመጨረሻ እርማት የሚያይ ደግሞ ሦስተኛ። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ ለመጀመሪያው ያውሉት። እርማቱን ጥሩ ተማሪም ይሠራዋል።

በእርማት ጊዜ የአማርኛን ልዩ ጣጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በድምፅ አንድ የሆኑ ፊደሎቻችን ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። ገጽ 12 ላይ «ፀሐይ» የተባለች ገጸ ባሕርይ ገጽ 90 ላይ «ጸሀይ» ከሆነች የኮምፒውተሩ ፍለጋ ሁለተኛዋን አያገኛትም፤ አንባቢ ግን ያገኛታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሥራውን ሲጀምሩ የሰውና የቦታ ስሞችን፣ «ዓለም»ን፣ «ኃይል»ን፣ «ሥራ»ን የመሰሉ ቃላትን በአንድ ገጽ ላይ በመረጡት አጻጻፍ ይዘርዝሩና ለአርታኢውም ለገጽ ቀናባሪውም ይስጡ። የትኛውን መረጡ ብሎ የሚከስዎት የለም፤ መቀላቀሉ ነው የሚያስነውረው።

የድሮ ረቂቅ በፍላሽ ያስቀመጡ ሰዎች ሌላ ወጥመድ አለባቸው። የግዕዝ ፊደል በ1991 እና 1992 ዓ.ም. አካባቢ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ ቦታ ከማግኘቱ በፊት የተሠሩት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ያገለገሉት የፊደል ፕሮግራሞች የየራሳቸውን መላ ይጠቀሙ ነበር። በእነርሱ የተጻፈ ጽሑፍ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የምልክት ትርምስ ይሆናል። ወደ ዩኒኮድ ካስቀየሩት በኋላ ከዳር እስከ ዳር ያንብቡት፤ ሲቀየር የሚጠፉና የሚለዋወጡ ፊደሎች አይታጡም። የመጨረሻውን ንባብ ደግሞ በወረቀት አሳትመው ያድርጉት። ዓይን በስክሪን ላይ የሚያልፈውን በወረቀት ላይ ይይዘዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው ተጽፎ ከተቀመጠበት ጊዜ ጀምሮ ለደራሲው መብት ይሰጠዋል፤ መብቱ እንዲኖር ምዝገባ አያስፈልግም። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ሐሳብ ግን አይጠበቅም፤ «ስለ ዓባይ በረሃ ልጽፍ መሆኑን ሰምቶ ጻፈብኝ» የሚል ክስ የትም አይደርስም። መብቱን ለሌላ የሚያስተላልፉት በጽሑፍ ነው፤ የቃል ስምምነት በኋላ ጠብ ይሆናል። ለሽፋኑ የሚሠራልዎት ሠዓሊም መብት አለው፤ ሥዕሉን ለሁለተኛ ኅትመትና ለማስታወቂያ መጠቀም እንደሚችሉ በሁለት መስመር ያስፈርሙ። ከኢንተርኔት ያለ ፈቃድ የተወሰደ ፎቶግራፍ ሽፋን ላይ መለጠፍ ስርቆት ነው።

አይኤስቢኤን የሚባለው 13 አኃዝ ያለው የመጽሐፍ መለያ ቁጥር በአገራችን የሚሰጠው በተለምዶ ወመዘክር ከምንለው ከብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው። በብዙ የኢትዮጵያ መጻሕፍት ጀርባ ከ978 ቀጥሎ 99944 የሚለውን ያዩታል። ቁጥሩ መጽሐፉን ይለያል፤ መብት አይሰጥም፣ ከስርቆትም አይከላከልም። ቁጥሩን ሲያወጡ መጽሐፉ ሲታተም ስለሚያስረክቡት ቅጂ አብረው ይጠይቁ።

ትዝታ የሚጽፉ ሰዎች አንድ ነገር ይጠንቀቁ። በስም የተጠቀሰው ጎረቤት በሕይወት አለ፤ ልጆቹም ማንበብ ይችላሉ። ስም ማጥፋት በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሚያስጠይቅ ጥፋት ነው፤ ከፍርድ ቤቱ በፊት ደግሞ ለቅሶ ቤት ላይ መገናኘት አለ።

መንገዱና ወቅቱ

208 ገጽ ያለው፣ በ70 ግራም ወረቀት የታተመ የተለመደ መጠን መጽሐፍ ሩብ ኪሎ ያህል ይመዝናል። 500 ቅጂ ማለት 120 ኪሎ ያህል ነው። አዲስ አበባ ያሳተመ ሰው ይህን ጭነት የዓባይን በረሃ አሻግሮ ከደጀን በላይ ያወጣዋል፤ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። ባለፉት ዓመታት መንገድም ኢንተርኔትም ሲዘጋ የኖርን ሰዎች ሁሉንም ቅጂ አንድ ቦታ ማከማቸት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ለአዲስ አበባ ገበያ ያሰቡትን እዚያው ይተዉ፤ የጎጃሙን ብቻ ያምጡ። ሲመጣም ከመሬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ የክረምት እርጥበት ወረቀቱን ያጎብጠዋል።

አዲስ አበባ ያሉ አከፋፋዮች ብዙ ጊዜ መጽሐፉን ተቀብለው ሲሸጥ ነው የሚከፍሉት። ስንት ቅጂ እንደተረከቡ፣ በስንት ቅናሽ፣ በየስንት ወሩ እንደሚተሳሰቡና ያልተሸጠው በማን ወጪ እንደሚመለስ ይጻፍ፤ አደራ ጥብቅ ነው ብሎ መለያየት አይበቃም። ከዚህ ይልቅ ደራስያን የሚንቋቸው የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች አሉ። በቢቸና፣ በሞጣ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በዳንግላ መምህርና ተማሪ ደብተር የሚገዛባቸው። ለእያንዳንዱ አምስት አምስት መጽሐፍ በደረሰኝ ይስጡ፤ በወሩ ይመለሱ። ያለቀበት ቦታ ላይ አሥር ያድርጉ፤ አምስቱም አቧራ ከለበሱ ሰብስበው ወደ ሌላ ከተማ ይውሰዱ።

የሚወጣበት ወር ራሱ ገንዘብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ገበሬውም እጁ ባዶ ነው። እንቁጣጣሽ ስጦታ የሚሰጥበት ነው፤ ግን ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛበትም ስለሆነ ከወላጅ አንባቢ ብዙ አይጠበቅም። ሰብል ተሰብስቦ፣ ጥምቀትና ሠርግ ሰውን ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ የሚያመጣበት ጥር ለጎጃም መጽሐፍ ከሁሉ የሚሻል ይመስለኛል። ምረቃውን በዚያ ጊዜ ማድረግ ለአዳራሽና ለሻይ ከሚወጣው በላይ ያስገኛል፤ እንግዳውን በንግግር ካላደከሙትና መሸጫ ጠረጴዛውን በመውጫው በር ላይ ካስቀመጡት።

የቴሌግራም ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። መጽሐፍ በፒዲኤፍ ተለቅቆ ሲያገኙት ብዙውን ጊዜ ምንጩ ሌባ አይደለም፤ «እስኪ ላንብብልህ» ያለ ወዳጅ ነው። የመጨረሻውን ፋይል ለማንም አይላኩ፤ አስተያየት የሚሰጥ ሰው በወረቀት ያንብብ። የታተመውን ገጽ በስካነር እያነሣ የሚለቅ ሲገኝ ለቻናሉ ባለቤትና ለቴሌግራም ማመልከት ነው፤ አንዳንዴ ይሠራል።

ገና ላልጨረሱት

ረቂቁ በእጁ ያልገባ ሰው እስካሁን ያለውን አንብቦ ከፈራ፣ በቀን 300 ቃል ይጻፍ። በ200 ቀን 60,000 ቃል ነው፤ ከላይ የተባለውን 208 ገጽ ይሞላል። መብራት በጠፋ ቀን በደብተር ይጽፋል። ዕድሜ የሚያሳስበው ደግሞ ከእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የወጡትን ሀዲስ ዓለማየሁን ያስብ፤ በ1902 ዓ.ም. የተወለዱ ሰው ትልቁን ልብ ወለዳቸውን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ጡረታ የወጣ ሰው «ጊዜዬ አለፈ» ሲል መስማት አይሆንልኝም።

የመጀመሪያው 500 ካለቀ ሁለተኛው ኅትመት በጣም ይቀላል፤ የአርታኢው፣ የሽፋኑና የገጽ ቅንብሩ ወጪ አንዴ ተከፍሏል። የሚታሰበው በአብዛኛው ሰሌዳ፣ ወረቀትና ጥረዛ ነው። ለዚህ ሁለት ነገር ከመጀመሪያው ቀን ማስቀመጥ ይገባል። አንደኛው አንባቢ የነገረዎትን ስሕተት በየገጹ የሚያስፍሩበት አንድ ቅጂ ነው። ሁለተኛው የውስጥ ገጹና የሽፋኑ የመጨረሻ ፋይል፣ ሊታረም ከሚችለው ዋና ፋይል ጋር ነው። ገጽ ቀናባሪው የመጨረሻ ክፍያውን የሚቀበለው ይህን በፍላሽ ሲያስረክብ መሆኑን በውሉ ላይ ይጻፉት፤ ፍላሹንም ለሁለት ሰው ያባዙት።